ምርቃት የበዛበት ጥይት

ይህን ነገር ሚስቴ ሰብለ ስታወራው እኔ ሞኝ ሆኜ እወጣለሁ። እኔ ሳወራው ደግሞ ሞኝነቱ ባይቀርልኝም ቢያንስ ምክንያት ይኖረዋል። ስለዚህ እሷ ሳትቀድመኝ ላውራው።

ሰብለን ያሳደጓት አጎቷ ጋሽ ተሰማ ናቸው። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። አገር ቤት የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ፤ እዚህ መጥተው ብዙ ዓመት የአንድ ሆስፒታል መኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጡ። ክፉ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ ሰው የለም። አንድ ጊዜ እኔ በሠራሁት ወጥ ላይ ረስቼ ጨው ሁለት ጊዜ ጨምሬ ኖሮ፣ ሰብለ አንዴ ቀምሳ እጇን ሰበሰበች። ጋሽ ተሰማ ግን "እጅህ ይባረክ" ብለው ጨረሱት፤ ጨረሱና ደግሞ ጨመሩ። ከዚያ በኋላ ውሃ ሲጠጡ አመሹ።

ሰብለን ካገባሁ ጀምሮ የእኒህን ሰው ልብ ለማግኘት ያልቆፈርኩት ጉድጓድ የለም። ችግሩ፣ ማግኘት አለማግኘቴን የማውቅበት መንገድ አልነበረም። ስለ በረዶው ሲጠየቁ "ጥሩ ነው"፣ ስለ ሙቀቱ ሲጠየቁ "ጥሩ ነው"፣ ስለ እኔም ሲጠየቁ "ጥሩ ነው"። ከበረዶ ጋር እኩል መመስገን ለአንድ ባል ምን ያህል እንደሚያጽናና እናንተው ፍረዱ።

ታዲያ እኒህ ሰው የሚወዱት አንድ ነገር ቢኖር አደን ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር ሲገባ ብርቱካን የመሰለ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ አሮጌ ጠመንጃቸውን መኪናቸው ውስጥ አጋድመው ወደ ሰሜን ለአጋዘን ይወጣሉ። ጥይት ከሱቅ ይገዛል። ይህቺን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ። ፋብሪካ ሠርቶ፣ ሰው የሚባል ፍጡር ተቆጣጥሮት፣ በሳጥን ታሽጎ ይገዛል። እኔ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነብኝና በእጄ ሠርቼ ልሰጣቸው ተነሳሁ።

ነገሩን ያመጣው ጎረቤቴ ካርል ነው። ካርል ክሪስታል ከተማ ከአጥራችን ወዲያ የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ዕድሜ ልኩን የራሱን ጥይት ሲሠራ ኖሮ ዓይኑ ሲደክምበት ማሽኑን፣ ሚዛኑንና አንድ ድንጋይ የሚያህል መመሪያ መጽሐፍ አቅፎ አመጣልኝ። "መጽሐፉን አስቀድመህ ብታየው መጥፎ አይመስለኝም" አለኝ። የሚኒሶታ ሰው "መጥፎ አይመስለኝም" ካለ እየጮኸ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። አመስግኜ ተቀበልኩትና መጽሐፉን የሚንገዳገደው የወጥ ቤት ጠረጴዛችን እግር ስር አደረግሁት። ልክክ አለ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለውን ሰምቼ አላውቅም ማለት አይደለም፤ ግን ቪዲዮ አይቼ ነበር። ቪዲዮ ያየ ሐበሻ ደግሞ ከተማረ ሰው የሚለየው በራስ መተማመኑ ነው፤ የሱ ይበልጣል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ታነሳለህ። ከቂጡ ያረጀችውን ፕራይመር ታወጣለህ፤ ፕራይመር ማለት ጠመንጃው ሲመታት እሳት የምትጭረው ትንሿ ክብ ናት። አዲስ ታስገባለህ፣ ባሩዱን መዝነህ ትጨምራለህ፣ ከላይ እርሳሱን ትደፍናለህ፣ አለቀ። መመዘኑ ላይ ግን የእኔ ጣጣ መጣ።

ያደግሁት መርካቶ እህል በረንዳ ነው። አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። እሱ ጋ ሚዛን ማለት የነገር መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ልክ ከሞላ በኋላ አንድ እፍኝ ይመረቃል። ያለ ምርቃት የሸጠ ነጋዴ ሰው አይባልም፤ ደንበኛ ብቻ ሳይሆን የገዛ ልጁም ያፍርበታል። እዚህ የምሠራው ሻኮፒ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው፣ እዚያ ያለው ሚዛን ካርቶኑ አንዲት ፍሬ ቢያልፍ ይጮኻል። ቀኑን ሙሉ ሲጮኽብኝ ውዬ ምድር ቤቴ ገብቼ የራሴ ሚዛን ፊት ስቀመጥ ምን እንደሚሰማኝ ልታውቁልኝ ይገባል። ባሩዱ ልኩ ላይ ሲደርስ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። ይህቺን ብቻ ለአጎትየው? ቆነጠር አደረግሁና ጨመርኩ። ለስጦታ ነውና ደግሞ ትንሽ። ከዚያም እንዳይቀየሙኝ ትንሽ።

ለሙከራ የተወሰኑትን ይዤ ከካርል ጋር ወደ ተኩስ ሜዳ ሄድኩ። የእኔም ጠመንጃ ከጋሽ ተሰማ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ለምን እንደገዛሁት አትጠይቁኝ፣ ነግሬያችኋለሁ። ተኮስኩ። ጆሮ መሸፈኛዬን አልፎ አንጎሌ ውስጥ ገባ። ቀለሁን ለማውጣት የጠመንጃውን ቦልት፣ ማለት መቀርቀሪያውን፣ ልከፍት ብል እምቢ አለኝ፤ ታግዬ ከፈትኩት። ቀለሁ ሲወጣ አየሁት። ጠርዟ ድቡልቡል መሆን የነበረባት ፕራይመር ተደፍጥጣ ጠፍጣፋ ሆናለች። አጠገቧ፣ የቀለሁ ቂጥ ላይ፣ የምታብረቀርቅ ጭረት ወጥታለች። ሦስቱንም እኔ ተረጎምኳቸው። ቦልቱ የጠበቀው ዘይት ፈልጎ ነው። ፕራይመሯ የተደፈጠጠችው በደንብ ስለተቀመጠች ነው። ጭረቷ ደግሞ አማረችኝ፣ ማኅተም መሰለችኝ።

ካርል ቀለሁን ተቀብሎ መነጽሩን አውልቆ፣ መልሶ አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው።

"እንግዲህ ይሄ..." አለ። "ይሄ ለየት ያለ ነው።"

"አይደል?" አልኩት።

"መጽሐፉን አየኸው?"

"ቤት ውስጥ ከእሱ በላይ የሚያገለግለን ነገር የለም" አልኩት፤ ውሸት አልነበረም። ካርል ራሱን ነቀነቀ፣ ስለ አየሩ አወራን፣ ተመለስን። ያን ቀን ካርልን በችሎታዬ አስደንግጬው የተመለስኩ መስሎኝ ነበር።

ጥይቶቹን በሳጥን ደርድሬ፣ ሰብለ ከገና የተረፈ ሪባን አስራልኝ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም በኋላ ለጋሽ ተሰማ ሰጠኋቸው። ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸው አስነኩት። ምእመኑ ሁሉ ፊት "ዘንድሮ አጋዘኑ የሚወድቀው በእኔ ጥይት ነው፤ ሥጋውን ሁላችሁም ትቀምሳላችሁ" አልኩ። ጥጋቤ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ።

በሳምንቱ አጋማሽ ደወሉልኝ። ሞክረዋቸው መመለሳቸው ነበር።

"ግሩም ነው ልጄ" አሉኝ። "ትንሽ ጠበቅ ይላል እንጂ ግሩም ነው።"

"ምኑ ነው ጋሼ የሚጠብቀው?"

"ቦልቱ። ምንም አይደለም፣ ብርዱ ይሆናል። ያቺ የጎማ መዶሻህ አለችህ?"

ጥይት ተኩሶ መዶሻ የሚጠይቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ "መዶሻ ለምን?" ይላል። እኔ ግን የጠየቁኝን ነገር ማቅረብ እንጂ መመርመር ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝ፤ እሑድ ይዤላቸው ሄድኩ። ትከሻ ለትከሻ ሰላም ስንባባል "እህ" ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ። "ቁርጥማት ነው" አሉኝ። መነጽራቸውም አንደኛው መስታወት ላይ ነጠብጣብ ነገር አለው። "አርጅቷል" አሉኝ። እኔ ስለ ቁርጥማት ቅባትና ስለ ጥሩ የዓይን ሐኪም መክሬያቸው ተለያየን።

መዶሻዬ ከቀናት በኋላ በሰው እጅ ተመለሰችልኝ። ባዶ ዕቃ አይመለስምና አብሮ አንድ ማሰሮ ማር አለ። ከማሩ ጎን፣ በናፕኪን ተጠቅልለው፣ የተኮሷቸው ቀለሆች። ተጣጥበዋል።

ያ ቀን ዓርብ ነበር፣ የአደኑ ወቅት የሚከፈተው በማግስቱ ቅዳሜ። እኔና ሰብለ ምሳ ላይ ነን። እኔ የምድር ቤቱን መብራት አብርታ ስለ መተዋ እያስተማርኳት ነው፤ ይህን ትምህርት በየዕለቱ እሰጣታለሁ፣ እስካሁን አልፋ አታውቅም። እሷ ደግሞ እንዳትሰማኝ ይመስላል አንዱን ቀለህ አንስታ ታገላብጣለች። ሰብለ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ጥገና ዕቃ የምታጸዳና የምትፈትሽ ሰው ናት፤ ብረት አይታ ዝም አትልም።

ቀለሁን ዘቅዘቅ ስታደርገው ፕራይመሯ ጠብ ብላ ሽሮዋ ውስጥ ወደቀች።

"ይቺ እንዲህ በቀላሉ መውለቅ አለባት?" አለችኝ።

"አርጅታ ነው።"

"አዲስ አይደል እንዴ ያስገባኸው?"

ሰብለ ጎንበስ ብላ መጽሐፉን ከጠረጴዛው እግር ስር መዝዛ አወጣችው፤ ሽሮው ወደ እኔ ተንሸራተተ። ገለበጠች፣ ገለበጠችና አንድ ምዕራፍ ላይ ቆመች። ፎቶ ነበረው። የተደፈጠጠች ፕራይመር። የምታብረቀርቅ ጭረት። አልከፈት ያለ ቦልት። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቤቷ ሰፍቶባት የወለቀች ፕራይመር። ሁሉም የእኔ ሥራ ይመስል ነበር፤ ያለ ፈቃዴ ያሳተሙብኝ ነው የመሰለኝ። ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ እነዚህ ባሩዱ ከመጠን በላይ መሆኑን የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካየህ አቁም፣ ቀንስ። ካላቆምክ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ፊትህ ላይ። ጋሽ ተሰማ ፊት ላይ።

ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እጄን ሳልታጠብ ስልኬን አነሳሁ።

"ጋሼ፣ እነዚያ ጥይቶች ጥሩ አይደሉም።"

"ኧረ ምን ማለትህ ነው" አሉ። "እንደሱ ያለ ጥይት በዕድሜዬ ተኩሼ አላውቅም።"

"እውነቴን ነው፣ ባሩዱን አበዛሁት።"

"ቸርነትህ ነዋ።"

"መጥፎ ናቸው ጋሼ!"

"የሰጪ ወጉ ነው እንዲህ ማለት። እኛስ አባትህን የመሰለ ሰው ያሳደገህ መሆኑን አናውቅም? ነገ አንዱን ሳልተኩስ አልመለስም።"

አያችሁልኝ? ስጦታውን ባጣጣልኩት ቁጥር ትሕትናዬ ነው፤ ትሕትናዬ በበዛ ቁጥር እሳቸው ይበልጥ ያመሰግናሉ። የእኛ ሰው "ቤቴ ትንሽ ናት፣ ምግቡም የረባ አይደለም" ሲል አያቃጥላችሁም? ይህን ሁሉ ዓመት ያልሆነውን ስንል ኖረን አንድ ቀን የሆነውን ብንናገር ማን ይመነን።

መኪናዬን ለማስነሳት ስወጣ ካርል አጥሩ ጋ ቅጠል ይጠርጋል። ቀለሁን አሳየሁት። "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

"ነግሬሃለሁ" አለ፣ ቀላ ብሎ። "ለየት ያለ ነው አልኩህ እኮ።"

የሁለት ዓለም ጨዋዎች መሀል ገብቼ ነበር። አንዱ በእንግሊዝኛ ዝም ይላል፣ አንዱ በአማርኛ ያመሰግናል። ከሁሉም ደፍሮ የነገረኝ ቀለሁ ብቻ ነው፤ ይሉኝታ የለውም።

ወደ ሴንት ፖል የሚወስደው አውራ ጎዳና የዓርብ ከሰዓቱን መጨናነቅ ተጨናንቆ፣ ከላዩ በረዶ ብናኝ ይረጭበታል። መሪውን እየደበደብኩ ደረስኩ። ጋሽ ተሰማ ሻንጣቸውን በር ላይ አዘጋጅተዋል፣ ጠመንጃቸው ከነማኅደሩ ተደግፏል፣ ሳጥኔ ከነሪባኑ ከላይ ተቀምጧል። ሪባኑን ከተኮሱ በኋላ መልሰው አስረውት ነበር።

"ግባ፣ ግባ። ምሳ በላህ?"

"በልቻለሁ ጋሼ። ስለ ጥይቶቹ ነው..."

"መጀመሪያ ቅመስ።"

ቀመስኩ። እየጎረስኩ አሰብኩ። ሰጥቶ የሚነሳ ሰው በእኛ ዘንድ ስሙ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። "ስጦታዬን መልሱልኝ" ብል የአባቴ ስም እህል በረንዳ ድረስ ይወድቃል። ስለዚህ ምን ላድርግ? ልሰርቅ ወሰንኩ። ጨዋ ሰው ላለማፈር የማያደርገው ነገር የለም። ውሃ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ሲገቡ ዘልዬ ተነሳሁና ሳጥኑን ወደ ጃኬቴ ውስጥ መክተት ጀመርኩ። ሪባኑ ከዚፔ ጋር ተያዘ። ስጎትት ሳጥኑ ተበረገደ፣ ጥይቶቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፣ እኔም ከኋላቸው በአራት እግሬ።

ቀና ስል ጋሽ ተሰማ የውሃ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል።

"ቸገረህ?" አሉኝ። "ለራስህ ፈልገሃቸው ኖሯል?"

እዚህ ላይ ጨዋነቴ አለቀ።

"ጋሼ፣ እነዚህ ጥይቶች ዓይንዎን ያጠፉዎታል። ቀለሁን አይቼዋለሁ። መጽሐፉ ላይ ፎቶው አለ።"

ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምን?"

"ዕድሜዬን ጠመንጃ ይዤ ጫካ ለጫካ ስዞር የኖርኩ ሰው አይደለሁም እንዴ? የመጀመሪያዋን እንደተኮስኩ ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ሁለተኛዋን ለምን ተኮሱ?"

"አንድ ብቻ ተኩሼ ብተው አይከፋህም?"

"ሦስተኛዋንስ?"

መነጽራቸውን አውልቀው ነጠብጣቡን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። "እሷ ናት ይቺን ያደረገችው። ጭስና ብናኝ ወደ ኋላ ተፋችብኝ። መነጽር ባይኖር..." ብለው ተውት።

ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ አላውቅም።

"ነገስ ምን ሊያደርጉ ነበር?"

"ጠመንጃዬን ሳላጎርስ ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ ልመለስ። አጋዘን አልመጣም እልህ ነበር።" ውሃውን ራሳቸው ጎንጨት አሉ። "ከመጣ ግን አንዷን ልሞክር ነበር። ለምእመኑ ሥጋ ቃል ገብተሃል፣ ላዋርድህ?"

"በየትኛው ዓይንዎ አልመው?"

"ያኔ በተረፈው።"

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። "ጋሼ" አልኩ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ይሉኝታ በእኔና በእርስዎ መሀል ይቅር። መጥፎውን መጥፎ ይበሉኝ። እለምንዎታለሁ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ጀርባቸውን አቀኑ። "እንግዲያው" አሉ፣ "ሰብለ ላግባው ስትለኝ አይሆንሽም ብያት ነበር።"

ቦልቱ ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው አልነበረም። የዚያን ዕለቱ ጨው የበዛበት ወጥ ለሁለት ቀን ሆዳቸውን እንደነፋቸው ነገሩኝ። ሻማ በማይበራበት ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ስዘምር ሻማ የሚያጠፋ ድምፅ እንዳለኝ ነገሩኝ። መኪና ስነዳ እኔ ጎን ከሚቀመጡ በብርድ አውቶቡስ ቢጠብቁ እንደሚመርጡ፣ ስለ መጋዘኔ ሥራ ስተርክ በልባቸው መዝሙረ ዳዊት እንደሚደግሙ ነገሩኝ። ፊታቸው ወዝ አወጣ። አሥር ዓመት ያነሱ መሰሉ። ይሉሽን በሰማሽ ገበያ ባልወጣሽ የሚባለው ለካስ ገበያ ላይ ሳለሁ ለሚነግሩኝ ለእኔ ነው። ጥይቶቹን አንድ በአንድ ለቅሜ ኪሴ አስገባሁ፤ የፋብሪካ ጥይት ከመሳቢያቸው አውጥተው ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱ። ከመጀመሪያውም ገዝተው ነበር።

በሩ ላይ ደርሼ ቆምኩ። አለመጠየቅ እችል ነበር።

"አሁንስ ጋሼ? አሁን ለሰብለ እንዴት ነኝ?"

ለእውነቱ ደክሟቸው ነው መሰለኝ፣ ወይም አዝነውልኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"አሁንማ ግሩም ነህ" አሉኝ። "ትንሽ ጠበቅ ትላለህ እንጂ።"

እቤቴ ስገባ የምድር ቤቱ መብራት በርቷል። ሰብለ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ መጽሐፉን ታነባለች፤ ጠረጴዛው ያለ መጽሐፉ ይንገዳገዳል። ስለ መብራቱ ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ሄጄ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመርኩ።

ሰብለ ቀና ብላ አየችኝ። "ምን ሆነሃል? ዝም አልክ።"

"ምንም" አልኳት። "እየቀነስኩ ነው።"

"ምኑን?"

"ምርቃቱን።"